እፍኝ

ጌታ ሆይ፣ ታውቃለህ የጓዳዬን ነገር፤
በእኛ በሚዞዎች፣ በኮረብታው አገር፣
ሴት ለእራት ስትሰፍር፣ ድስት ሳትጥድ በፊት፣
አንድ እፍኝ ታነሣለች፣ ታኖራለች ለቤት፤
ለቤትህ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም ከቶ፤
ቅዳሜ ይሰበሰባል በከረጢት ሞልቶ።
ቆርቆሮው ምድጃው ጎን ጥላሸት ለብሶ ውሎ፣
ከሠርጌ ወዲህ አንድ ቀን አላየሁት ጎድሎ።

እሑድ ገበያ አልወጣሁ፣ ዝንጅብል አልመዘንሁ፣
ሚዛን ላይ በአውራ ጣቴ ለማንም አልተጫንሁ።
«ሳንግዙዋሊ ታማኝ፣ ሳንግዙዋሊ ታዛዥ»
ሲሉኝ ልቤ ይቆማል፣
እንደ ሎሌ ሳይሆን፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ አዛዥ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አሥር ቀን ሳያባራ፣
መንገዱን ወሰደው የተናደ ተራራ።
ከሲልቻር የሚመጣው የሩዝ መኪና ቀረ፤
ባለሱቁ ቢያክዛማ መዝጊያውን ቸነከረ።
ባሌ ከናዳው ማዶ በሥራው ላይ ቀርቶ፣
የበርሜሉ ወለል ከሩዙ ሥር ወጥቶ
አየኝ። አየሁትም።

መጀመሪያ ሰሞን አውራ ጣቴን አጠፍሁ፤
«እፍኝ ነው አሁንም፣ እፍኝ ነው» እያልሁ ራሴን አቀፍሁ።
ለሰው ሚዛን ያልከዳች ያቺው አውራ ጣቴ
ባንተ እፍኝ ላይ ታጠፈች፣ በገዛ ቤቴ።
በማግስቱ ጣቶቼን ጠበብ አደረግሁ፤
በሦስተኛው ቀን ግን ብልሃት ፈለግሁ፦
እፍኝ ይላል ልማዱ፤ የማን እጅ? አይልም፤
የልጅ እጅ እጅ ነው፤ ይህ ከመታዘዝ አይጎድልም።

«ነይ ማሊ» አልኋት። አምስት ዓመት አልሞላት፤
መዳፏን አየሁት፤
ሁለት ማንኪያ ሩዝ እንጂ ለሌላ ቦታ የት አላት?
«ከዛሬ ጀምረሽ የጌታን ድርሻ አንቺ አንሺ፤
ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ቆርቆሮውን አንቺ አጉርሺ።»

ደስታ አሯሯጣት። እጇን ታጥባ መጣች፤
ማን እንዳዘዛት እንጃ፣ የእሑድ ቀሚስ አወጣች።
ወደ በርሜሉ ጎንበስ፣ እስከ ብብቷ ጠልቃ፣
አንድ እጅ መች በቃት፤ ሁለቱን አጣብቃ፣
ከወለሉ ፍቃ፣
ክምር አድርጋ መጣች፣ በአገጯ ደግፋ፣
ከጌታ ድርሻ ላይ አንዲት ፍሬ እንዳትጠፋ።

«ያ እራትሽ ነው፣ በቃ!» ልላት ነበረ፤
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረ።
«ጌታ ትልቅ አይደል? ብዙ ይርበዋል» አለች፤
ክዳኑን በሆዷ ተጭና ዘጋች።

እኔ ትንሹን እጅ መርጬ ላክሁልህ፤
ሙሉ ልብ ይዞ መጣ፤ ምን ልመልስልህ?
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጄ ሲታዘዝልህ፣
ልቤ በርሜሉ ዳር ቆሞ ሲቆጥርብህ።

የዱባ ቅጠል በጨው ቀቅዬ አበላኋት፤
በባዶ ሆዴ እያየሁ፣ እየዘመርሁ አስተኛኋት።
የሰራፕታዋ ማድጋ እኔ ቤት አልታየም፤
ሌሊት ተነሥቼ ክዳኑን ብከፍት፣
ወለሉ ከትናንቱ ወለል አልተለየም።
መንገዱ እስኪጠረግ ዘጠኝ ቀን ቆየብን፤
ራበን። ልዋሽህ አልችልም። ራበን።

ቅዳሜ ታንዛሚ፣ ከረጢቷን ይዛ መጥታ፣
ቆርቆሮውን አነሣች፤ ክብደቱ ገርሟት፣ ቆም ብላ ለአፍታ፣
«እናንተስ ደህና ናችሁ» አለችኝ በእርጋታ።
እኔም ደህና ነን አልሁ። ለምን እንዳልሁ አላውቅም።
ምናልባት ደህና ነበርን።

አሁን ሩዝ ሳልነካ እጄን እታጠባለሁ።
ባሌ መጥቷል፣ በርሜሉ ሞልቷል፤ ቢሆንም አንዳንድ ማታ
ይህች አውራ ጣቴ ስትታጠፍ አያታለሁ፤
ያን ጊዜ ማሊን ከጨዋታዋ እጠራና፣
«እንዴት ነበር የሚታፈሰው? እስቲ አሳዪኝ» እላታለሁ።